ጥርስን ለማጽዳት የሚመረጠው ሰዓት

በካርቱም ጀብራ ለኖሩና ዛሬም ለሚኖሩ ወገኖች የቀረበ የጤና ማብራሪያ

ጥርስን ማጽዳት ለአፍ ጤንነት አስፈላጊ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን በቀን ውስጥ የትኛው ሰዓት ለዚህ ሥራ የተመረጠ መሆኑን ጠይቆ የተረዳ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሕዝባችን ከአባቶቹ እንደ ወረሰው ልማድ ጠዋት ከመኝታው ሲነሣ ፊቱን ይታጠባል፤ አፉን ይጕመጠመጣል፤ መፋቂያውንም ይይዛል። ማታ ግን እራቱን በልቶ፥ ሻዩን ጠጥቶ፥ ጨዋታውንም ጨርሶ እንዲሁ ይተኛል። ይህ ልማድ መልካምነቱ በግማሽ ነው፤ ምክንያቱም ጥርስ አብልጦ የሚጠቃው ሰው በተኛበት ሰዓት ነውና። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ነገር ከነምክንያቱ ገልጾ፥ እያንዳንዱ ሰው በኑሮው ልክ የሚሠራበትን ሥርዓት ማቅረብ ነው።

ጀብራ በካርቱም ከተማ በደቡብ በኩል የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሄደው በከተማይቱ የተቀመጡ ብዙ ወገኖች የኖሩበት ስፍራ ነው። ከነዚህም ውስጥ ሻይና ቡና በማፍላት፥ በሰው ቤት በማገልገል፥ በምግብ ቤትና በልዩ ልዩ የእጅ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙዎች ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፥ ዕለቱ ለኦርቶዶክሳውያን ቅዳም ሥዑር፥ ለሙስሊሞችም የረመዳን ወር ስለ ነበረ፥ ሁለቱም ወገኖች በጾም ላይ ሳሉ ድንገት ደረሰባቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ሰፈሩን ለቀው በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ መጥተዋል፤ እዚያው የቀሩም አሉ።

እንዲህ ያለ መከራ ባለበት ጊዜ ስለ ጥርስ መናገር እንደ ቀላል ነገር ሊታይ ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሐኪም ቤት በራቀበት፥ መድኃኒትም ውድ በሆነበት ስፍራ የታመመ ጥርስ እንቅልፍ ይነሣል፤ ሥራ ያስፈታል፤ የዕለት እንጀራንም ያስቀራል። ሲብስም መግሉ ወደ መንጋጋና ወደ አንገት ወርዶ ለሕይወት የሚያሰጋ ይሆናል። ስለዚህ ጥርስን በሰዓቱ መጠበቅ ገንዘብ ለሌለው ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደ ተባለው ነው።

1. የጥርስ ጕዳት የሚመጣበት መንገድ

በማናቸውም ሰው አፍ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ተሕዋስያን ይኖራሉ። እነርሱም በጥርስ ላይና በድድ ጠርዝ ስስና የሚጣበቅ ሽፋን ሠርተው ይቀመጣሉ። ሰው ስኳር ያለበትን ነገር በቀመሰ ጊዜ እነዚህ ተሕዋስያን ከዚያው ይመገባሉ፤ ተመግበውም አሲድ ያወጣሉ። አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ልባስ እያለሰለሰ ማዕድኑን ይወስዳል። ሮበርት ስቴፋን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ዓመታት እንዳሳየው፥ ስኳር አፍ ውስጥ በገባ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በጥርስ ላይ ያለው አሲድ ይበረታል፤ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ለመመለስም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ጥርስ ግን ያለ ጠባቂ አልተተወም። ምራቅ አሲዱን ያጥባል፤ ኀይሉንም ያበርዳል፤ በውስጡ ባለው ካልሲየምና ፎስፌትም የተሸረሸረውን ልባስ መልሶ ይጠግናል። እንግዲህ በአፋችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚካሄደው ነገር የማፍረስና የመጠገን ሥራ ነው። መጠገኑ ካሸነፈ ጥርስ ይጸናል፤ ማፍረሱ ካሸነፈ ግን ጥርስ ይቦረቦራል።

ከዚህ የምንማረው ጥርስን የሚጐዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የመደጋገሙም ነገር መሆኑን ነው። ጣፋጭ ሻዩን ከምግብ ጋር በአንድ ጊዜ ጠጥቶ የሚጨርስ ሰው ለምራቁ የመጠገኛ ጊዜ ይሰጠዋል። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ አንድ ጕንጭ የሚቀምስ ሰው ግን ጥርሱን ያለ ዕረፍት በአሲድ ውስጥ ያውላል። በመንገድ ዳር ተቀምጣ ከንጋት እስከ ማታ ሻይ የምታፈላ እኅት የስኳሩን ልክ ለማወቅ እየቀመሰች የምትውል ከሆነች፥ ይህን ነገር ልታስብበት ይገባታል።

2. ስለ ማታው ሰዓት

ሰው በተኛ ጊዜ ምራቁ እጅግ ይቀንሳል። ይህም ማለት የጥርስ ጠባቂ ሥራውን ትቶ ዐረፈ ማለት ነው። በጥርስ መካከል የቀረው የዳቦ፥ የቴምርና የስኳር ርዝራዥ ግን አያርፍም፤ ተሕዋስያኑም ሌሊቱን ሁሉ በእርሱ ላይ ይሠራሉ። እንደ ካርቱም ባለ ሞቃትና ደረቅ አገር አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሰው ደግሞ የቀረችውም ጥቂት ምራቅ ትደርቅበታለች።

ስለዚህ በቀን ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው ሰዓት ከመኝታ በፊት ያለው ነው። በማናቸውም ምክንያት፥ በውኃ እጦትም ሆነ በድካም፥ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ጥርሱን ለማጽዳት የተገደደ ሰው ቢኖር፥ ያን አንድ ጊዜ ለማታ ያድርገው። ከዚያም በኋላ ከንጹሕ ውኃ በቀር ምንም አይቅመስ። ጥርሱን አጽድቶ ሻይ ጠጥቶ የሚተኛ ሰው ቤቱን ጠርጎ ቆሻሻውን መልሶ እንዳስገባ ይቈጠራል።

የማታው ሰዓት ሌላም ጥቅም አለው። ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን ያለበት የጥርስ ሳሙና በማታ ሲሠራበት፥ ምራቅ ስለሚያንስ ፍሎራይዱ ቶሎ አይታጠብም፤ በጥርስ ላይ ቈይቶ ልባሱን ያጠነክራል። ይኸውም ጥርስን የሚጐዳው የምራቅ ማነስ ለመድኃኒቱ አጋዥ ይሆናል ማለት ነው።

3. ስለ ጠዋቱ ሰዓት

ሁለተኛው ሰዓት ጠዋት ነው። በዚህ ላይ «ከቁርስ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ለዚህ መልስ ለመስጠት የካርቱምን የአመጋገብ ልማድ መመልከት ያስፈልጋል። በሱዳን ሰው በማለዳ ተነሥቶ አስቀድሞ ሻይ፥ በተለይም ወተት ያለበትን ጣፋጭ ሻይ፥ በብስኩት ወይም ለቀይማት በሚባለው በዘይት በተጠበሰ ሊጥ ይጠጣል። ፋጡር የተባለው ዋናው ቁርስ ግን፥ ይኸውም ፉሉና ዳቦው፥ ረፋድ ላይ ቈይቶ ይመጣል። በጀብራ የኖሩ ወገኖቻችንም አብዛኞቹ ከሥራቸው ጠባይ የተነሣ ይህንኑ ሥርዓት ይዘዋል።

እንዲህ ላለው ሰው የሚሻለው ከመጀመሪያው ሻይ በፊት፥ ገና ከመኝታው እንደ ተነሣ ጥርሱን ማጽዳት ነው። ሌሊት የተከማቸው የተሕዋስያን ሽፋን ስኳር ሳያገኝ ይወገዳል፤ ፍሎራይዱም ጥርሱን አስቀድሞ ይሸፍናል። ከሻዩና ከፋጡሩ በኋላ ደግሞ አፍን በንጹሕ ውኃ መጕመጥመጥ ይበቃል። ከቁርስ በኋላ ማጽዳት የለመደ ሰውም ስሕተት አላደረገም፤ ነገር ግን ከዚህ በታች የተመለከተውን የኮምጣጣ ነገር ማስጠንቀቂያ ሊጠብቅ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓት አቈጣጠር አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በካርቱም ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ይቈጠራል፤ እኛ ግን ከንጋትና ከምሽት እንቈጥራለን። ከዚህም በላይ ሱዳን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኅዳር 2017 ዓ.ም. ወዲህ ሰዓቷን ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ አድርጋለች። ስለዚህ «በዚህ ሰዓት አጽዳ» ብሎ በቍጥር ማዘዝ ለብዙ ሰው ያስቸግራል። የሚሻለው ጥርስን ማጽዳት ከማይቀር ሥራ ጋር ማሰር ነው፤ ጠዋት ፊት ከመታጠብ ጋር፥ ማታ መኝታ ከማንጠፍ ጋር ቢታሰር አይረሳም።

4. ቶሎ ማጽዳት የማይገባበት ጊዜ

በሱዳን ከርከዴ የተባለው ቀይ መጠጥና የሎሚ ጭማቂ በሙቀት ጊዜ በብዛት ይጠጣል። ለስላሳ የተባለው የጠርሙስ መጠጥም እንዲሁ ነው። እነዚህ ሁሉ ከራሳቸው ከስኳራቸው ሌላ ኮምጣጣነት አላቸው፤ የጥርስንም ልባስ ለጊዜው ያለሰልሱታል። ሰው በዚያች ሰዓት ብሩሽ አንሥቶ ቢፈትግ የለሰለሰውን ልባስ ራሱ ያነሣዋል። ስለዚህ ኮምጣጣ ነገር የጠጣ ሰው አፉን በውኃ ተጕመጥምጦ፥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፥ ቢቻል አንድ ሰዓት ቈይቶ ጥርሱን ያጽዳ። ያስመለሰውም ሰው እንደዚሁ ያድርግ፤ የጨጓራ አሲድ ከሎሚ የማያንስ ጕዳት ያደርሳልና።

5. በጾም ወራት

በጾም ጊዜ ሰው ሳይበላ ስለሚውል አፉ ይደርቃል፤ ጠረኑም ይለወጣል። ይህ የጾም ባሕርይ እንጂ ነውር አይደለም። ነገር ግን ጾም ጥርስን ለመተው ምክንያት ሊሆን አይገባም።

የረመዳንን ጾም የሚጾም ሰው ሁለት የተመቹ ሰዓቶች አሉት፤ አንዱ ከሱሑር በኋላ የንጋት ጥሪ ከመሰማቱ በፊት፥ ሁለተኛው ከማታው ምግብና ጣፋጭ በኋላ ከመኝታ በፊት ነው። በቀኑ ውስጥ ደግሞ የመፋቂያው እንጨት አለ። በእስልምና ሥርዓት በየሶላቱ ጊዜና ከእንቅልፍ በተነሡ ጊዜ በመፋቂያ ጥርስን ማጽዳት የተወደደ ነገር ነው፤ የሰዓት ሥርዓቱም ከዛሬው ሐኪሞች ምክር ጋር ይስማማል።

ኦርቶዶክሳዊውም ቍርባን ለመቀበል ሲሰናዳ ከዋዜማው ጀምሮ ከምግብና ከውኃ ስለሚከለከል፥ በዋዜማው ምሽት ከመጨረሻው ምግብ በኋላ ጥርሱን በሚገባ ማጽዳት ይኖርበታል። በሌላውም የጾም ቀን ውኃው እንዳይዋጥ ተጠንቅቆ ጠዋት ማጽዳት የሚያጠራጥረው ሰው የንስሓ አባቱን ይጠይቅ።

6. ስለ መፋቂያና ስለ ጥርስ ሳሙና

በአገራችን ከወይራና ከክትክታ፥ ከሌሎችም እንጨቶች የሚሠራው መፋቂያ በሱዳን ሙስዋክ ይባላል፤ በዚያም የታወቀው አራክ ከተባለው ዛፍ ይወሰዳል። ይህ ዛፍ ተሕዋስያንን የሚቃወም ኀይል እንዳለው በምርምር ታውቋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ስለ ሱዳናውያን ጐልማሶች የታተመ አንድ ጥናትም በመፋቂያ የሚጠቀሙ ሰዎች የድድ ጤንነት በብሩሽ ከሚጠቀሙት እንደማያንስ አሳይቷል። እንግዲህ መፋቂያውን እንደ ኋላ ቀር ነገር የሚንቅ ሰው ተሳስቷል።

ሆኖም መፋቂያ ብቻውን የማይሰጠው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በበቂ መጠን የሚገኝ ፍሎራይድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ከመሠረታውያን መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያገባው ጥቅሙን አይቶ ነው። ስለዚህ ለድሀ ቤት የሚስማማው ሥርዓት ቀን በመፋቂያ፥ ማታ በብሩሽና በሳሙና መጠቀም ነው። ብሩሽ ቢጠፋ እንኳ ጥቂት ሳሙና በመፋቂያው ጫፍ አድርጎ ጥርስን ማዳረስ ይቻላል።

በወንጂና በሌሎችም የስምጥ ሸለቆ ስፍራዎች ያደጉ ወገኖች የጕድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ በዝቶበት ጥርስን ሲያበልዝና አጥንትን ሲጐዳ ስላዩ፥ «ፍሎራይድ አይደለምን የጐዳን?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያ ጕዳት የመጣው ከሕፃንነት ጀምሮ በየቀኑ በብዛት ከመዋጥ ነው። የጥርስ ሳሙና ግን በጥርስ ላይ ተቀብቶ የሚተፋ እንጂ የሚዋጥ አይደለምና፥ በልክ ሲሠራበት ያን ጕዳት አያመጣም።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ተይዞ፥ የአተር ፍሬ የሚያህል ሳሙና ተደርጎ፥ ሁለት ደቂቃ ያህል በውስጥና በውጭ፥ በተለይም ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ስፍራ በዝግታ እያዞሩ ማጽዳት ነው። መፈተግ አያስፈልግም። በመጨረሻም አረፋውን መትፋት ይበቃል፤ ወዲያው በብዙ ውኃ መጕመጥመጥ መድኃኒቱን ያጥበዋል። ከሰልና አመድ ግን ልባሱን ስለሚፍቁ አይመከሩም። መፋቂያም ቢሆን የተሠራበት ጫፍ በየጊዜው እየተቈረጠ አዲስ ሊወጣለት ይገባል።

7. ስለ ውኃ

በጦርነቱ ምክንያት በካርቱም የመብራትና የውኃ አገልግሎት እጅግ ተጐድቷል። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የኮሌራ በሽታ መግባቱ በሱዳን ተነግሮ፥ በግንቦት 2017 ዓ.ም. በካርቱም ብዙ ሰው ታሞበታል። ኮሌራ በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ ስለ ሆነ፥ ሰው የሚጠጣውን ውኃ አፍልቶ ጥርሱን ግን ባልፈላው ውኃ ቢያጸዳ ጥንቃቄው ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ለጥርስ የሚሆነው ውኃ የሚጠጣው ውኃ ብቻ ነው፤ ይኸውም የፈላ ወይም ክሎሪን በሚገባ የተደረገበት። ከላይ እንደ ተባለው መትፋት እንጂ ብዙ መጕመጥመጥ ስለማያስፈልግ፥ አንዲት ትንሽ ሲኒ ውኃ ለአንድ ሰው ትበቃለች። የውኃ እጦት ባለበትም ቤት ይህን ያህል አይታጣም።

8. ስለ ሕፃናት

የሕፃን ጥርስ ከመጀመሪያው ከበቀለበት ቀን አንሥቶ ሊጸዳ ይገባዋል። «የወተት ጥርስ ይወልቃል» ብሎ መተው ስሕተት ነው፤ የታመመው የወተት ጥርስ ሕፃኑን ከማሠቃየቱም በላይ ከሥሩ የሚመጣውን ጥርስ ሊጐዳ ይችላልና። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል፥ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች። ልጁ ሰባት ዓመት ያህል እስኪሆነው ድረስ ወላጁ ራሱ ይርዳው። ለሕፃን ስኳር የገባበትን ወተት ወይም ሻይ በጡጦ አስይዞ ማስተኛት ግን ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ለተሕዋስያን አሳልፎ መስጠት ነው።

9. ችላ የማይባሉ ምልክቶች

ጥርስን በሰዓቱ ማጽዳት ሁሉን ነገር አይከላከልም። ቱምባክ የተባለውን በከንፈር ሥር የሚያዝ የሱዳን ትምባሆ የሚጠቀም ሰው በቀን አምስት ጊዜ ቢያጸዳ እንኳ ከአፍ ነቀርሳ አደጋ አይድንም፤ የሚያድነው መተው ነው። በአፍ ውስጥ ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቍስል ወይም ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ያየ ሰው ሳይዘገይ ለሐኪም ያሳይ። ጥርሱን የታመመ ሰው አስፕሪን በድዱ ላይ ማድረግ የለበትም፤ ድዱን ያቃጥለዋል እንጂ አይፈውሰውም። ፊቱ ያበጠ፥ ትኵሳት የያዘው፥ አፉን ለመክፈት ወይም ለመዋጥ የተቸገረ ሰው ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

ማጠቃለያ

ከላይ የተነገረው ሁሉ በአጭሩ ሲሰበሰብ እንዲህ ይሆናል።

ሀ) ማታ ከመኝታ በፊት ጥርስን ማጽዳት ከሁሉ ይቀድማል፤ ከዚያም በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አይቀመስም።

ለ) ጠዋት ከመጀመሪያው ሻይ በፊት ማጽዳት ሁለተኛው ነው።

ሐ) ከከርከዴ፥ ከሎሚና ከመሰሎቻቸው በኋላ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል።

መ) በቀኑ መካከል መፋቂያና ንጹሕ ውኃ ይበቃሉ።

ሠ) ለጥርስ የሚሆነው ውኃ የሚጠጣው ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው።

ከቤቱና ከንብረቱ ተለይቶ የተሰደደ ሰው ብዙ ነገር በእጁ አይደለም። የሚተኛበት ስፍራ፥ የሚሠራው ሥራ፥ የሚመለስበት ቀን በሌላ ሰው ፈቃድ ሊወሰን ይችላል። ከመኝታው በፊት ያለችው ሁለት ደቂቃ ግን የራሱ ናት። እርስዋን ለጥርሱ የሰጠ ሰው፥ የሚያክመው በሌለበት ሌሊት ከሚመጣ ሕመም ራሱንና ልጆቹን ጠበቀ ማለት ነው።